ባሕሩን በቀኝ፣ ድንኳኑን በሞተር፦ የሃይዌይ 1 ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?



በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰላማዊ ውቅያኖስን ታክኮ የሚሄድ አንድ መንገድ አለ። የካሊፎርኒያ ሃይዌይ 1 ይባላል። በደቡብ ከዴና ፖይንት ተነሥቶ በሰሜን ሌጌት እስከምትባል ትንሽ ከተማ ድረስ 1,055 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። አንዳንድ ቦታ ከአሸዋው ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ከገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ባሕሩን ከላይ ወደ ታች ያሳያል። ሞተር ሳይክል የሚወዱ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሊነዱበት ከሚመኟቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

መንገዱ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ በኩል በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ በደቡቡ በሎስ አንጀለስ ብዙ የአገር ልጆች ይኖራሉ። የሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለውን ሰፈር በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። እነዚህን ሁለት የማኅበረሰብ መናኸሪያዎች የሚያገናኘው ፈጣኑ መንገድ በመሀል አገር በኩል ያልፋል፤ ውቡ ግን በባሕር ዳር ነው። ድንኳኑን በሞተሩ ጭኖ በዚህ በውቡ መንገድ ለመውረድ የሚያስብ ወጣት ዛሬ ጥቂት አይደለም። ይህ ንግግርም የተዘጋጀው ለእርሱና ለእርሷ ነው።

የንግግሩ ፍሬ ሐሳብ አንድ ነው፦ የሃይዌይ 1 ጉዞ የሚሰምረውም የሚበላሸውም ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት ወራት ነው። መሬቱ ይንሸራተታል፤ ማደሪያው ገና ከወራት በፊት ተይዞ ያልቃል፤ ነዳጅ የሚገኝባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ስልክም ለረጅም ርቀት አይሠራም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያወቀ ሰው መንገዱ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ለባሕሩ፣ ልቡን ለኩርባው መስጠት ይችላል። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ እንዴት እንደተሠራ የተረዳ ተጓዥ ለምን እንደሚዘጋም ቶሎ ይገባዋል። በ1894 «ሎስ አንጀለስ» የምትባል መርከብ ፖይንት ሱር በተባለው ቋጥኝ አጠገብ ተሰብራ ሰጠመች። የተረፉትን እንዲያክሙ የተጠሩት ዶክተር ጆን ሮበርትስ በፈረስ ጋሪ ያን አስቸጋሪ ዳርቻ ለሰዓታት ተጉዘው ደረሱ። ሐኪሙ የዚያን ቀኑን መከራም የዚያን ቀኑን ውበትም አልረሱትም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ ዳርቻውን በእግራቸው እየሄዱ መንገድ ሊወጣበት የሚችለውን መስመር በካርታ አሰፈሩ፤ ባለሥልጣናቱንም ይወተውቱ ጀመር። ለሥራው ገንዘብ የተፈቀደው በ1919 ሲሆን ከካርሜል እስከ ሳን ሲሞን ያለው መንገድ ተጠናቆ ለተሽከርካሪ የተከፈተው በ1937 ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ከሠራተኞቹ መካከል የሳን ክዌንቲን ወህኒ ቤት እስረኞች ይገኙበት ነበር፤ በቀን 35 የአሜሪካ ሳንቲም እየተከፈላቸውና ከእስራቸው ዘመን እየተቀነሰላቸው ዐለቱን በድማሚት ፈልጠዋል።

ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው የቢክስቢ ድልድይ ነው። በ1932፣ ማለትም መንገዱ ከመከፈቱ አምስት ዓመት ቀድሞ ተጠናቀቀ። ርዝመቱ 218 ሜትር ነው፤ ከሸለቆው ወለል ያለው ከፍታም ወደ 80 ሜትር ይጠጋል። መሐንዲሶቹ ከብረት ይልቅ ኮንክሪት ከመረጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረትን እየበላ ማቆሚያ የሌለው የጥገና ወጪ እንዳያመጣ መስጋታቸው ነበር። በ1966 የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን እዚሁ ድልድይ አጠገብ ተገኝተው መንገዱ በካሊፎርኒያ የመጀመሪያው «ውብ መንገድ» ሆኖ መሰየሙን አበሰሩ።

ውበቱና አደጋው ግን ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች ከውቅያኖሱ ቀጥ ብለው ነው የሚነሡት። ኮን ፒክ የተባለው ጫፍ ከባሕሩ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ 1,571 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ዐለቱ የመሬት ቅርፊት ሲጋጭና ሲፋተግ ለዘመናት የተሰባበረ ልል ዐለት ነው። እግሩን ማዕበሉ ይገዘግዘዋል፤ አናቱን ዝናብ ያርሰዋል፤ ወገቡን ደግሞ መንገዱ ቆርጦታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የሚንሸራተት መሬት አስፋልትን እንዴት እንደሚያሰምጠውና እንደሚሰነጥቀው በዓይኑ አይቷል፤ ቢግ ሰር በሚባለው በዚህ ተራራማ ዳርቻም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ናዳው የሚያርፈው ባሕር ውስጥ መሆኑ ነው።

የቅርብ ዓመታቱ ታሪክ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው። በ2017 መጀመሪያ በወረደው ከባድ ዝናብ የፋይፈር ካንየን ድልድይ ምሰሶ የቆመበት መሬት ተንሸራተተና ድልድዩ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ሆነ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር መድ ክሪክ በተባለው ቦታ ተራራው ተንዶ 400 ሜትር ያህል መንገድ ቀበረ፤ በ54 ሚሊዮን ዶላር አዲስ መንገድ ተሠርቶ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነበር። በጃንዋሪ 2021 ራት ክሪክ ላይ ጎርፍና ጭቃ የመንገዱን ሁለቱንም መስመሮች ጠርገው ባሕር ከተቱት። በጃንዋሪ 2023 ፖልስ ስላይድ የተባለው ናዳ መንገዱን ዘጋ፤ እርሱ በጁን 2024 ተጠግኖ ሲከፈት ደግሞ ከፍ ብሎ በሰሜን በኩል በፌብሩዋሪ 2024 የወረደው የሬጀንትስ ስላይድ ናዳ ገና አልተነሣም ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ማንኛውም ተጓዥ ቀን ከመቁረጡ በፊት፣ ከመነሣቱ በፊት፣ እንደገናም በየማለዳው የካሊፎርኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሆነው ካልትራንስ «ኩዊክማፕ» በተባለው ካርታው ላይ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ ማየት አለበት። ስልኩ ላይ ያለው የተለመደው የአቅጣጫ መምሪያ ብቻውን አይበቃም። ከዚህም ጋር ሁለተኛ ዕቅድ ያስፈልጋል። መሀሉ ከተዘጋ ከሞንቴሬይ በ68 ቁጥር መንገድ ወደ ሳሊናስ ወጥቶ፣ በ101 ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ከፓሶ ሮብልስ አካባቢ በ46 ቁጥር ተራራውን አቋርጦ ካምብሪያ ላይ ከባሕሩ ጋር እንደገና መገናኘት ይቻላል። ተራራውን በመሀል የሚያቋርጠው ናሲሚየንቶ ፈርገሰን የተባለው ጠባብ መንገድም አለ፤ ይሁንና እርሱም በቃጠሎና በጎርፍ ተጎድቶ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ያውቃልና ዕቅድ ሁሉ በእርሱ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። መንገዱ ቢዘጋም ጉዞው አይቀርም፤ ከሰሜን እስከተዘጋበት ድረስ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ ዞሮ ከደቡብ በኩል መውጣት ነው። እንዲያውም መተላለፊያ በጠፋባቸው ወራት ትራፊኩ ስለሚቀንስ የቢግ ሰር ጸጥታ ይበልጥ ይጣፍጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወቅት ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ካሊፎርኒያ ሲባል ፀሐይ ብቻ ይታየዋል። ነገር ግን በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ይህ ዳርቻ በአብዛኛው በጉም የተሸፈነ ነው። ከውቅያኖሱ ጥልቀት ወደ ላይ የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ በላዩ የሚያልፈውን እርጥብ አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ጉሙም ከዚያ ይወለዳል። በአንድ የበጋ ቀን ፓሶ ሮብልስ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ተራራውን ተሻግሮ ባሕሩ ዳር ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። በሞተር ላይ ነፋሱ ሲጨመርበት ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰማዩ የሚጠራው፣ ቀኑም ለስለስ የሚለው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ዝናቡ ይመጣል፤ ናዳውም ከእርሱ ጋር። ምርጫ ያለው ሰው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ቢያቅድ ያተርፋል።

አቅጣጫም እንደ ወቅቱ ሊታሰብበት ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ሞተረኛ ስለዚህ በባሕሩ በኩል ባለው መስመር ይነዳል፤ እይታው አይጋረድበትም፤ ዳር መውጫዎቹንም የተቃራኒውን መስመር ሳያቋርጥ ያገኛቸዋል። በዚህ ዳርቻ የሚበዛው ነፋስ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍስ ስለሆነ ከኋላ ይገፋዋል እንጂ ከፊት አይታገለውም። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ መጨረስ የሚመከረው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

በዚህ መስመር ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሎስ አንጀለስ ያለው ርቀት ከ700 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ይህን ቁጥር ሰምቶ «በሁለት ቀን እጨርሰዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። መጨረሱንስ ይጨርሰዋል፤ ግን ምንም ሳያይ። ሕጋዊው ፍጥነት በሰዓት እስከ 88 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በቢግ ሰር ኩርባዎች ላይ የሚታዩት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ከዚያ ከግማሽ በታች እንዲነዳ ይመክራሉ። ስድስት ቀን ያለው ሰው ጉዞውን እንዲህ ሊከፋፍለው ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ ሳንታ ክሩዝ አካባቢ ነው። ከከተማው ወጣ እንደተባለ በ2013 የተከፈተው የቶም ላንቶስ ዋሻ ይገኛል፤ ዴቪልስ ስላይድ የተባለውንና ለዘመናት ሲንሸራተት የኖረውን ገደል ለማስቀረት የተፈለፈለ ነው። ሃፍ ሙን ቤይን አልፎ ከ1872 ጀምሮ የቆመው ባለ 35 ሜትሩ የፒጅን ፖይንት የመብራት ማማ ይታያል። ማታ ካፒቶላ አጠገብ ባለው በኒው ብራይተን የባሕር ዳር ፓርክ ማደር ይቻላል። ሁለተኛው ቀን ሞንቴሬይን፣ ካርሜልንና ፖይንት ሎቦስን ይዞ በቢክስቢ ድልድይ ላይ ያልፍና ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ ውስጥ፣ ሰማይ ጠቀስ በሆኑት የሬድዉድ ዛፎች ሥር ያበቃል። ሦስተኛው ቀን ሆን ተብሎ አጭር ይደረጋል፤ ወደ ኪርክ ክሪክ ያለው ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሀሉ ግን ማክዌይ ፏፏቴ ወደ ባሕሩ ዳር አሸዋ ሲወርድ ይታያል፤ ከላይ ደግሞ ዕድል ለቀናው ተጓዥ ከመጥፋት የተረፈው ግዙፉ የካሊፎርኒያ ኮንዶር ሲያንዣብብ ይገኛል።

አራተኛው ቀን ከገደሉ መንደር ወደ ሜዳው ያወጣል። ራግድ ፖይንትን ካለፉ በኋላ መንገዱ ይዘረጋል። ፒየድራስ ብላንካስ ላይ ኤሌፋንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት በመቶዎች አሸዋ ላይ ተጋድመው ከመንገዱ ዳር በነፃ ይታያሉ፤ ይህን ዳርቻ መውለጃቸው ያደረጉት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ማደሪያው ሞሮ ቤይ ይሆናል። አምስተኛው ቀን ረጅሙ ነው፤ ሃይዌዩ በቫንደንበርግ ወታደራዊ ይዞታ ምክንያት ከባሕሩ ይርቅና በጓዳሉፔና በሎምፖክ በኩል ዞሮ ጋቪዮታ ላይ ይመለሳል፤ ከዚያ በሳንታ ባርባራ አካባቢ ካሉት የባሕር ዳር ፓርኮች በአንዱ ይታደራል። በስድስተኛው ቀን በቬንቹራና በማሊቡ በኩል ሳንታ ሞኒካ ይደረሳል። ይህ የማሊቡ ክፍልም ቢሆን ከጥንቃቄ ነፃ አይደለም፤ በጃንዋሪ 2025 የተነሣው የፓሊሴድስ ቃጠሎ መንገዱን ለወራት ዘግቶት ነበር። ከሳንታ ሞኒካ ፌርፋክስ ድረስ ብዙ ሩቅ አይደለም፤ የደከመ መንገደኛ ትኩስ ወጥና ቡና የሚያገኝበት ሰፈር እየጠበቀው ነው።

አሁን ወደ ዋናው የዕቅድ ራስ ምታት እንምጣ፤ ወደ ማደሪያው። በቢግ ሰር ዳር መውጫ ላይ ድንኳን መትከልም ሆነ ሌሊቱን አቁሞ ማደር ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። የካምፕ ቦታዎቹ ደግሞ ጥቂት፣ ፈላጊያቸው ብዙ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ፓርኮች «ሪዘርቭ ካሊፎርኒያ» በተባለው፣ ኪርክ ክሪክን የመሳሰሉት የፌዴራል ደን ቦታዎች ደግሞ «ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ» በተባለው አገልግሎት በኩል ከስድስት ወር በፊት ይያዛሉ። ለቅዳሜና እሑድ የሚፈለጉት ቦታዎች ሲከፈቱ ወዲያው ያልቃሉ። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ለመሄድ ያሰበ ሰው ኤፕሪል ላይ መነሣት አለበት። በሳምንቱ መካከል ማረፍ ዕድሉን ያሰፋዋል። አንዳንድ የግዛት ፓርኮች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የለዩት ርካሽ ቦታ አላቸው፤ ሞተረኛ ግን ሞተር ነውና በዚያ አይስተናገድም፤ እንደ መኪና ሁሉ መደበኛውን ቦታ መያዝ ይኖርበታል። ሁለትና ሦስት ሞተረኞች አንድ ቦታ ተጋርተው ወጪውን መከፋፈል የሚችሉበት ዕድል ሰፊ ስለሆነ ፓርኩ በአንድ ቦታ ስንት ተሽከርካሪ እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል።

ኪርክ ክሪክ ከባሕሩ በላይ ባለ ሜዳ ላይ የተዘረጋ፣ ከዳርቻው የካምፕ ቦታዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ ማራኪው ነው። የመጠጥ ውሃ ግን የለውም። ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ይዞ መግባት ያስፈልጋል። ከእርሱ በስተደቡብ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ፕላስኬት ክሪክ ውሃ አለው፤ ሳንድ ዶላር የተባለው ሰፊ አሸዋማ ዳርቻም ከፊቱ ነው።

ነዳጅም እንዲሁ ስሌት ይፈልጋል። ከካርሜል እስከ ካምብሪያ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመካከሉ ማደያ የሚገኘው እንደ ቢግ ሰር መንደር፣ ጎርዳና ራግድ ፖይንት ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው። ዋጋው ከከተማው በጣም ይወደዳል። ከካርሜል ሲወጡ ሙሉ መቅዳት የመጀመሪያው ሕግ ይሁን። ስልክ በአብዛኛው በዚህ ክፍል ስለማይሠራ ካርታውን ከኔትወርክ ውጭ እንዲከፈት አድርጎ ማስቀመጥ፣ የወረቀት ካርታም ቦርሳ ውስጥ መያዝ፣ ለቤተሰብም በየትኛው ሌሊት የት እንደሚታደር ጽፎ መተው ግድ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። መካከለኛ ሞተር፣ ጤናማ ጎማና የማይከዳ ፍሬን ይበቃል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የጎማው ጥርስ፣ የፍሬኑ ሸራ፣ የካቴናው ውጥረት፣ ዘይቱና ባትሪው ይታዩ። በጨዋማና እርጥብ አየር ውስጥ ካቴና ቶሎ ስለሚደርቅ የካቴና ቅባት ከመሣሪያው ጋር ይያዝ። የጎማ መጠገኛና ትንሽ ፓምፕ ቢያዝ የግማሽ ቀን ጥበቃን ያስቀራል።

ጭነት ላይ አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት በቀጥታ ይሠራል። አምራቹ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የጻፈው የክብደት ጣሪያ ነጂውንም ይጨምራል። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ውሃው፣ መሣሪያውና ምግቡ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ሞተሩ መሀል ይጠጋ፤ የጎን ሻንጣዎቹም ክብደታቸው ይመጣጠን። የመኝታ ከረጢቱና ልብሱ ቀላል ስለሆኑ ከኋላ ከላይ ይታሰራሉ። ከኋላ ጫፍ ላይ የተቆለለ ከባድ ጭነት የፊት ጎማውን ያቀልለውና ኩርባ ላይ መሪው እንዲዋልል ያደርጋል። የማሰሪያው ጫፍ ወደ ካቴናው ወይም ወደ ጋለው የጭስ ማውጫ እንዳይወርድ ተጠቅልሎ ይታሰር። የጎማው ንፋስና የኋላው ሞላ ከጭነቱ ጋር ይስተካከሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመነሻው ቀን በፊት አንድ ቀን ሙሉ ጭነቱን እንደያዙ በሰፈር መንዳት ይገባል፤ ፍሬን ለመያዝ የሚፈጀው ርቀት እንደጨመረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ድንኳኑ ድርብ ይሁን፤ ጉሙ ሌሊት ጠል ሆኖ ስለሚወርድ ነጠላው ድንኳን ከውስጥ ያንጠባጥባል። የመኝታ ከረጢቱ እስከ ዜሮ ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። የሞተሩ የጎን መቆሚያ አሸዋና ለስላሳ አፈር ውስጥ ይሰምጣልና ከሥሩ የምትደረግ ትንሽ ጠፍጣፋ ሰሌዳ አትረሳ።

ስለ ስንቅ ግን አበሻን ማን ያስተምረዋል? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ሁሉ ማቀዝቀዣ ሳይኖር ለረጅም መንገድ የተፈጠሩ፣ ክብደታቸው ቀላል፣ ጉልበታቸው ብዙ የሆኑ ምግቦች ናቸው። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ጠዋት ድንኳን እየተነቀለ ይጠጣል። ድርቆሽ በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ይሆናል። ምግቡ በሙሉ ግን ማታ ማታ በካምፑ የብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍ፤ ራኩን የተባለው ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ የሞተር ሻንጣ ዚፕ መክፈት አያቅተውም። ከመንገዱ ዳር ደግሞ ሦስት ሦስት ቅጠል የሚያወጣ ፖይዝን ኦክ የሚባል ቁጥቋጦ በብዛት አለ፤ የነካው ሰው ቆዳ ለቀናት ያሳክካል።

ሕጉም አጭር ነው፤ ግን ጥብቅ ነው። በካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1992 ጀምሮ ነጂም ሆነ ተፈናጣጭ ሄልሜት የማድረግ ግዴታ አለበት። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ለብቻው ይወጣል፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አመልካች ደግሞ የደኅንነት ሥልጠና መውሰድ አለበት። ዕድሜው ያለፈውም ቢወስደው ገንዘቡ አይቆጭም። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ከኋላው አምስት ወይም ከዚያ በላይ ተሽከርካሪ የተከተለው ቀርፋፋ ነጂ ዳር ወጥቶ የማሳለፍ ግዴታ አለበት። ሞተረኛ ለእይታው ሲል የሚያዘግም ከሆነ ይህ ሕግ ለእርሱም ነው።

ኩርባዎቹ ላይ የሚበዛው ስሕተት ዓይን ወደ ባሕሩ መሸሹ ነው። ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ባሕሩን ማየት ሲያስፈልግ መቆም፣ ሲነዱ ደግሞ የኩርባውን መውጫ መመልከት ነው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ውስጥ ከመግባት በፊት ነው። ከገደሉ የሚወርድ ጠጠር፣ ፎቶ ለማንሣት በድንገት የሚቆም መኪና፣ መንገዱን የሚሞላ ረጅም የመኖሪያ ተሽከርካሪ፣ በማምሻ ላይ ከጫካው የሚወጣ አጋዘን ሁሉም በዚህ ዳርቻ የዕለት ተዕለት ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የቀኑ ጉዞ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ ድንኳንም በብርሃን ይተከላል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ እሳት ነው። በጁላይ 2016 በጋራፓታ ፓርክ ውስጥ አንድ ሰው ሳይፈቀድለት ያነደደውን እሳት ሳያጠፋ ትቶት ሄደ። የሶበረንስ ቃጠሎ የተባለው ሰደድ ከዚያች እሳት ተነሣ። ከ53,000 ሄክታር በላይ አቃጠለ፤ 57 መኖሪያ ቤቶችን አወደመ፤ እሳቱን ለመግታት የተሠማራ አንድ የቡልዶዘር ኦፕሬተር ሕይወቱን አጣ። ለማጥፋት የወጣው ወጪም ከ200 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እሳት ደግሞ በእሳትነቱ አያበቃም፤ በ2020 የዶላን ቃጠሎ ዕፅዋቱን ካራቆተ በኋላ ነው በ2021 ዝናቡ ሲመጣ ራት ክሪክ ላይ አፈሩን የሚይዝ ሥር ጠፍቶ መንገዱ የተቆረጠው። አንድ ክብሪት ተራራውን ያራቁታል፤ የተራቆተው ተራራ መንገዱን ይወስዳል፤ መንገዱ ሲቆረጥ ደግሞ በቢግ ሰር የሚኖሩ ቤተሰቦች ከሐኪም፣ ከትምህርት ቤትና ከገበያ ይለያሉ። ለእንግዳው የዕረፍት መንገድ የሆነው ለእነርሱ ብቸኛው የኑሮ መንገድ ነው።

ስለዚህ ውድ አድማጮች፣ በተለይ በካሊፎርኒያ የምትኖሩና ለዚህ ጉዞ የምትዘጋጁ ወጣቶች፦ ቀኑን ከስድስት ወር በፊት ቁረጡ፤ ሥልጠናውን ውሰዱ፤ በየማለዳው የመንገዱን ሁኔታ እዩ። በደረቅ ወራት ደን ውስጥ እሳት የሚከለክል ማስታወቂያ ካለ ቡናችሁን በጋዝ ምድጃ አፍሉ፤ እሳት በሚፈቀድበት ቦታም ማገዶውን ከዚያው ከአካባቢው ግዙ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት፤ አመዱን በእጃችሁ ዳስሳችሁ መቀዝቀዙን ሳታረጋግጡ ድንኳናችሁ ውስጥ አትግቡ።